ልጄ ድንጋይ ይሠራል

እንቅልፍ እንቢ ብሏል። መጋረጃውን ዘግቻለሁ፣ ግን ቀኑ በጠርዙ ሾልኮ ገብቶ ጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምሯል፤ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ታች መንገዱ ላይ የቆሻሻ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸውን ጩኸት ይጮሃል፣ እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ ካልሲዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጫለሁ፤ እናቴ አሁን ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ናት። ወይም ገና ኮሪደር ላይ ወረፋ እየጠበቀች ነው። ወይም ወጥታለች፣ እህቴም በደስታ ወይም በሌላ ነገር መደወሉን ረስታዋለች። ከአልጋዬ አጠገብ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ከረጢት ተቀምጣለች፣ ብር የምትመስል፣ ከራሷ ላይ ሁለት ሽቦ የወጣላት፤ ሽቦዎቹ ከአንድ ግራጫ ሳጥን ጋር ተያይዘዋል፤ ሳጥኑ ትንሽ ማራገቢያ አለው፣ እንደ ሐሜተኛ ሲንሾካሾክ ይውላል። ከረጢቷ ባትሪ ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት። በስሌቴ መሠረት እስካሁን መሞት ነበረባት፤ አልሞተችም፤ እንዲያውም ካለፈው ሳምንት ይልቅ በርትታለች፣ ለምን እንደበረታች ደግሞ አላውቅም። በአንድ በኩል እናቴ፣ በሌላ በኩል ይህች። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል? ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ ሚስት የለው ልጅ የለው፣ ባትሪ አስታማሚ።

የእናቴ ግራ ዓይን ከጨለመ ቆይቷል። ቀኟ ብቻ ነበር የቀራት፣ እሱም ላይ ሞራ ወጣበትና ሰውን ሁሉ ጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ነገር ታየው ጀመር። ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው ይላሉ፣ በቀን ስንቱን ይሠራሉ፤ ቀላል የሚሆነው ግን ሁለት ዓይን ላለው ነው፤ አንድ ብቻ የቀረው ሰው ከተበላሸበት በቃ፣ መመለሻ የለውም። ቀኑ መቆረጡን የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ናት፣ ባለፈው ሳምንት፣ እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ጓንት አጥልቄ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ሰንቅሬ። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ቀን ሰጥቶናል፤ አንድ ሰው ቀርቶ ተራው ለእኛ ደረሰ» አለች። መቼ አልኳት፤ ነገረችኝ። እንዲህ በቶሎ? «በቶሎ? እማዬ እኮ ሁለት ክረምት ጠብቃለች!» እመጣለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኔ ግን መደርደሪያው ላይ ካለችው ከረጢት ላይ አረፈና አፌ ሌላ ነገር ተናገረ። ይኸውልሽ፣ አንድ ሙከራ አለኝ፣ ዓመት ሙሉ የሠራሁበት፣ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ አሁን ትቼው ከመጣሁ ባትሪዋ ስትሞት አላያትም። ከወዲያ የሆነ ቤት በር ሲዘጋ ተሰማኝ። «እስክትሞት አጠገቧ የምትቀመጥላት ነገር አለችህ ማለት ነው» አለችኝ እህቴ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ ጋሼ። ስልክህን ብቻ ክፍት አድርገው።»

ይኸው ክፍት ነው። ደረቴ ላይ ነው፤ ስተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል።

እናቴ ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቃት «ልጄ ድንጋይ ይሠራል» ነው የምትለው። እንዲህ የሆነው በአንድ የስልክ ንግግር ነው። ገና ተማሪ ሆኜ እዚህ እንደመጣሁ፣ ምን እንደምማር ስትጠይቀኝ ባትሪ ነው የማጠናው አልኳት። ባትሪ ማለት እሷ ዘንድ በጨለማ ይዘውት የሚሄዱት፣ ቁልፉን ገፋ ሲያደርጉት ቦግ የሚለው ነው። «ያን ለመማር ነው አገር አቋርጠህ የሄድከው? ወደ ላይ መግፋት እኮ ነው!» አለችኝ። አይ እማዬ፣ ውስጡ ያለውን፣ ድንጋዩን ነው አልኳት። «እ፣ ድንጋዩን!» አለች፣ ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ፣ እንደተረዳችኝ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ንስሐ አባቷም የሚያውቁኝ ድንጋይ በሚሠራው ልጅነቴ ነው። አንድ የሩቅ አጎቴ ቤት ሊሠራ መሠረት ሲያስቆፍር ከድንጋዩ በቅናሽ እንድልክለት አስልኮብኛል። ስቄ መለስኩ፣ እሱ ግን እስካሁን አኩርፎኛል አሉ።

ድንጋዩን ግን እሷም ታውቀዋለች። ቤታችን ሬዲዮ ነበር፣ የአባቴ፣ አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚበላ፤ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ዜና አንባቢው በጉንፋን የተያዘ ሲመስል እናቴ ድንጋዮቹን ታወጣና መስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ ታስመታቸዋለች፤ ማታ ሲመለሱ ሬዲዮው ይናገራል፤ ለጥቂት ጊዜ፣ ግን ይናገራል። አንዳንዴም በጥርሷ ነከስ ታደርጋቸዋለች፣ ጎናቸው ላይ የጥርሷ ምልክት ይቀራል። ለምን? እላለሁ። ለምንድን ነው የሚነሱት? አባቴ ፀሐይዋ እሳቷን ስለምትሰጣቸው ነው ይላል። እሷ «ደክሟቸው ነው፤ ያረፈ ይነሳል» ትላለች። ሁለቱም መልስ አላጠገበኝም፤ አንድ ቀን አንዱን ድንጋይ በመዶሻ ፈልጬ ቤቱን ጥላሸት በጥላሸት አደረግኩት፤ እጄ፣ ፊቴ፣ የተጣጠፈው ልብስ፣ ሁሉም። አባቴ ቀበቶውን እየፈታ ነው። እናቴ ከሥራ ገባች። ፖስታ ቤት ነበር የምትሠራው፣ ደብዳቤ ትለያለች፣ ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ጽሑፍ ስታነብ ትውልና ማታ ራት ላይ «ዛሬ አንድ ግራኝ የጻፈው ነበር፣ ሲጽፍ እያለቀሰ ነው መሰለኝ፣ ቀለሙ ፈሷል» ትለናለች፤ ያላየችው ነገር አልነበረም። እሷ ገብታ አየችኝ፣ አባቴን በእጇ ቆይ አለችው፣ ጉልበቷን አጥፋ ጥላሸቱ አጠገብ ተቀመጠችና «እና ምን አገኘህ?» አለችኝ። ዚንክ ነበር ያገኘሁት፣ ያኔ ስሙን አላውቅም። የውጪው ቆርቆሮ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። ይኸው ተበልቷል አልኳት። «ማን ነው የበላው?» አለች።

ማን ነው የበላው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ፕሮፌሰር ያደረገኝም ይኸው ጥያቄ ነው። ሰዎች ሊትየም ሊትየም ሲሉ እኔ በዚንክ ቀረሁ፤ ርካሽ ነው፣ በውሃ ይሠራል፣ አይቃጠልም፣ የፀሐይ ኃይል ቀን አጠራቅሞ ለማታ ለማቆየት ከሱ የተሻለ ምን አለ? አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ቻርጅ ሲደረግ ዚንኩ እንደ ነበረው ለጥ ብሎ አይመለስም፤ እንደ እሾህ፣ እንደ ቅርንጫፍ እያቆጠቆጠ ይበቅልና በመሃል ያለውን ስስ ወረቀት ወግቶ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ሲሻገር ባትሪው አለቀለት። መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር ያየሁት ቀን አይረሳኝም። አስተማሪዬ ከኋላዬ ቆሞ ምን ይታይሃል አለኝ፤ ዛፍ አልኩት፤ ዛፍ አይደለም ሾርት ነው አለኝ፤ እኔ ግን አይቻለሁ፣ ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው፣ ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው፣ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬ በሙሉ ዛፍ ቆረጣ ሆነ። በመድኃኒት፣ በወረቀቱ ውፍረት፣ ቻርጁን በመቆራረጥ። ስብሰባ ላይ «የዛፉ ሰውዬ» ይሉኛል። አንድ ሴል፣ ማለትም አንዲት የሙከራ ባትሪ፣ አቅሙ ሲያሽቆለቁል ባየሁ ቁጥር ዛፉ ነው እላለሁ፣ ከፍቼ አያለሁ፣ አዎ ዛፍ አለ፣ ልክ ነበርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የጡረታ መሰናበቻ ንግግር አለብኝ፤ ክፍል ኃላፊው «አዲስ ነገር አይጠበቅብህም፣ የዛፉን ታሪክ ብቻ ንገረን፣ ሰው ይወደዋል» ብሎኛል። ታሪኩ ተዘጋጅቷል። መጨረሻው ላይ ይህች ከረጢት በሠራሁት ስሌት ቀን ትሞትና ሁሉም ያጨበጭባል። አሁን ግን ይኸው እዚህ ሆና እየበረታች ነው።

እንዴት እዚህ መጣች? መብራት ጠፍቶ። እኔ ያደግኩበት ቤት መብራት ሳይነግርህ ነው የሚጠፋው፣ እንደ ዘመድ ሳይነግርህ ይመጣል፣ ሳይነግርህ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ከወራት በፊት በኢሜል ይቅርታ ይጠየቃል፤ የሕንፃው የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚታደስ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ይቋረጣል፣ ስለሚደርስብዎ መጉላላት እናዝናለን። እኔ ኢሜሉን አላነበብኩትም። ዓርብ ዕለት ተማሪዬ ናት የነገረችኝ፤ ዶክትሬቷን ከእኔ ጋር የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ቃል የሚወጣት ሲያስፈልግ ብቻ ነው። «ፕሮፌሰር፣ ሴሎቹስ?» አለችኝ። ሁለት ናቸው፤ መንታ እንላቸዋለን፣ በአንድ ቀን ከአንድ ዚንክ የተቆረጡ፣ አንድ ዓይነት ቻርጅ ሲደረጉ የኖሩ፣ እኩል የደከሙ። ለቤት የሚሆን ትንሽ መለኪያ ሳጥን ያለን ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዷ ከእኔ ጋር ትሄዳለች፣ አንዷ ላብራቶሪው ውስጥ መብራት እስኪመለስ ትተኛለች አልን። ግን ከዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ይዞ ለመውጣት እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወደ ላብራቶሪ ደህንነት ቢሮ ወረድኩ። ኃላፊዋ ሴትዮ መነጽሯን አስተካክላ አየችኝ።

«ቤትዎ ነው የሚወስዱት?»

«አዎ።»

«ይቃጠላል?»

«ውስጡ ውሃ ነው፤ ዚንክና የጨው ውሃ። እንኳን ሊያቃጥል፣ እሳት ላይ ቢደፉት ያጠፋል።»

«የት ያስቀምጡታል?»

«ወንበር ላይ።»

«ወንበሩ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከእንጨት።»

«እንጨት ይቃጠላል።»

«ወንበሩን ቻርጅ አላደርገውም» አልኳት። ፈገግ እንኳ አላለችም። ሰሌዳዋ ላይ የሆነ ነገር ጽፋ ከወንበሩ ሥር የሸክላ ሳህን እንዳደርግ አዘዘችኝ። ይኸው አለ ሳህኑ። ታዛዥ ነኝ።

ከዚያ አውቶቡስ። ከረጢቷን በሻርፕ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፣ ሳጥኑ በእግሮቼ መሃል፤ መንገዱ ለቧንቧ ተቆፋፍሮ አውቶቡሱ እንደ በቅሎ ያንገጫግጨናል፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አየት አደረገችኝና «ምን ያህል ጊዜው ነው?» አለችኝ። ምኑ? አልኩ። ዝቅ ብላ ስታይ ሻርፑ ውስጥ ሽቦ አየች፣ ደነገጠች፣ ቦታ ቀየረች። ሕፃን መስሏት ነበር። አያያዜ ነው። እናቴ ብታየኝ ትስቅ ነበር፣ ወይ ታለቅስ ነበር፣ ከሷ አይታወቅም።

ቤት ገብቼ ሽቦዎቹን አገናኘሁ፣ የአቅሟ መስመር በኮምፒዩተሩ ላይ ታየ። ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ወጣ። ሁለተኛ ጊዜ ቻርጅ አድርጌ ኃይሏን አስጨረስኩ፣ እንደገና ወጣ። ተነስቼ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። እንደ ልጅ ጣቴን ነከስኩ። አሁን አልጋ ላይ ሆኜ እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ እያሳለፍኩ ነው፤ ሽቦ ላልቶ ከሆነ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሙቀት? ቤቴ ከላብራቶሪው ትንሽ ይሞቃል፣ ግን ሙቀት ይህን ያህል አያነሳትም፣ ሠርቼዋለሁ። ሳጥኑ ዋሽቶ ከሆነ? በሌላ አዲስ ሴል ፈትሼዋለሁ፣ አይዋሽም። ዛፉ? ዛፍ በቅሎ ከተሻገረ ተሻገረ ነው፤ የተወጋ ወረቀት ራሱን አይሰፋም። ታዲያ ዛፍ አይደለም? አንዲት ሴል ናት፣ አትቸኩል ሰውዬ። ወይስ ዕረፍት ነው? ከላብራቶሪ ነቅዬ እዚህ እስክሰካት ድረስ ያለ ሥራ አርፋለች፤ ያረፈ ይነሳል። ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅኩ። ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። ነገርኳት። እያሰበች መሆኑን አውቃለሁ፣ እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ ስትመታ ይሰማኛል። «ዕረፍት ከሆነ» አለች፣ «መንታዋም አርፋለች። ነገ እንሰካታለን፣ እናያለን።» አዎ! አልኩ፣ አዎ፣ መንታዋ አለችልን፣ እሷም ተነስታ ከሆነ ዕረፍቱ ነው። «ካልተነሳችስ?» አለችኝ። ካልተነሳች አላውቅም አልኳት። «ደስ ብሎዎታል» አለችኝ፣ ጥያቄ አይደለም። ደስ ብሎኛል? እናቴ ዓይኗን እየተቀደደች ደስ ብሎኛል? «ይተኙ፣ ፕሮፌሰር» አለችና ዘጋችው።

እንዴት ነው አንድ ሰው ልቡ ሁለት ቦታ የሚሆነው? ከልቤ እየፈራሁ ነው። ከልቤ ደግሞ ያቺ መስመር ለምን እንደወጣች ማወቅ እፈልጋለሁ። አንዱ አንዱን አያጠፋውም። እህቴ ይህን ብነግራት አይገባትም፤ ወይም ይገባታል፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ይገባታል። እሷ ናት እናቴን በእጇ ይዛ ደረጃ የምታወርደው፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ በመዳሰስ እንድትለይ አንገቱ ላይ ክር ያሰረችላት፤ እኔ የምልክላት ድምፄን ነው። ምስልማ አትለይም። እናቴ በቪዲዮ ስንደዋወል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ነው የምትለጥፈው፤ እማዬ ፊትሽ አርጊው ብላት «ፊትህ አይታየኝ፣ ምን ይሠራልኛል፣ ቢያንስ ልስማህ» ትላለች፤ ስለዚህ ስንት ዓመት የማየው የእናቴን ጆሮ ነው። ጆሮዋን በደንብ አውቀዋለሁ። የጉትቻዋ ቀዳዳ ረዝሞ ወርዷል፤ ከኋላው ያለው ፀጉር መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ከዚያ ጨው በርበሬ ሆነ፣ አሁን ጨው ብቻ ነው። ስታረጅ ያየኋት በጆሮዋ በኩል ነው።

ስልኩ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ። አነሳሁት፣ ከእጄ አምልጦ ወደቀ፣ አልጋው ሥር ገባ፤ በደረቴ ተኝቼ አቧራ ውስጥ ፈልጌ ሳወጣው እህቴ «ሃሎ? ጋሼ? የት ገባህ?» ትላለች።

«አልጋ ሥር። ምን ሆነች?»

«ወጥታለች። ሐኪሙ ጥሩ ሄዷል ብሏል። ግን ፋሻው ነገ ነው የሚፈታው፤ እስከዚያ ምንም ማለት አይቻልም አለ። ቆይ፣ ካላናገርኩት ብላ እየታገለችኝ ነው።»

የመተንፈስ ድምፅ፣ የጨርቅ መንቀሳቀስ፣ ከዚያ እሷ። «አንተ! ስማኝ፣ ምንም አላመመኝም። ግን ያየሁትን ብነግርህ!»

«ምን አየሽ እማዬ?»

«ቀለም። ዓይኔን ሲከፍተው፣ ታውቃለህ፣ ነቅቼ ነው፣ አላስተኙኝም፣ መጀመሪያ ሦስት መብራት ነበር፤ ከዚያ ውሃ ሲያፈሱበት መብራቱ ተደባለቀና ሰማያዊ ሆነ፣ ሮዝ ሆነ፣ እንደ ዘይት ኩሬ ላይ ሲንሳፈፍ። ከዚያ የሆነ ነገር እንደ ጥቁር ዓሣ በመሃሉ አለፈ። መሣሪያው ነው መሰለኝ።»

«ከየት ወደ የት ነው ያለፈው?»

«ከቀኝ ወደ ግራ።»

«ሰማያዊው የመጣው ውሃውን ከማፍሰሳቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«ጋሼ!» እህቴ ስልኩን ወሰደችው። «የሰው እናት ከቀዶ ጥገና ወጥታ ምርመራ ይጀመርባታል? ተዋት ትረፍ።» ከኋላ የእናቴ ድምፅ «ተይው፣ በኋላ ነው በይው! ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ነው!» እያለ ራቀ። እህቴ ልትቆጣ ሞከረች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ» አለች። «እሷን እኔ ነኝ የምጠብቃት፣ ጠባይዋን ግን አንተ ወስደኸዋል።» «ነገ እደውላለሁ» አለች። ዘጋችው። የዚያን ጊዜ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ፣ ከነካልሲዬ፣ አቧራ የነካውን እጄን ትራሱ ላይ አድርጌ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ነው፣ ሕንፃው መብራቱ ተመልሷል፣ አሳንሰሩ ግን ገና ሐሳቡን አልሰበሰበም፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ በሩን ይከፍታል ይዘጋል፤ በደረጃ ወጣሁ፣ ከረጢቷን አቅፌ፣ ሳጥኑን አንጠልጥዬ። ተማሪዬ ቀድማኝ ገብታ መንታዋን ሰክታታለች። ኮቴን ሳላወልቅ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። መስመሩ እንደተውነው ነው። ዝቅ ያለ። ድካም። አርፋለች፣ ሙሉ ሦስት ቀን አርፋለች፣ አልተነሳችም።

«ዕረፍት አይደለም» አለች ተማሪዬ።

«አይደለም።»

ሁለታችንም ሁለቱን ከረጢቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያቸዋለን። አንድ ዓመት አብረው የኖሩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዷ ቤቴ አድራለች፣ ሌላዋ እዚህ። አንዷን አቅፌአታለሁ። ይህን አሰብኩ፣ ከዚያም የቁፋሮው መንገድ፣ አውቶቡሱ፣ ጭኔ ላይ ስትዘል፣ ጣቶቼ ከላይ ጫን አድርገው እንዳትወድቅ ይዘዋት... «አውቶቡስ» አልኩ። ተማሪዬ ሰውዬው በመጨረሻ ነካው ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ዞር ብላ አየችኝ። «ይህቺኛዋ አውቶቡስ አልተሳፈረችም!» ከዚያ ገባት፤ ዓይኗ ላይ ሲገባት አየሁት፣ ከዚያ የበለጠ ነገር አላውቅም፣ ሰው ሲገባው ማየትን የሚያህል። መንታዋን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻት፣ ወፍራም ማርከር አነሳች፣ ልክ ሊጥ እንደሚዳምጥ ሰው ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለች አንከባለለችባት። ከረጢቷ አፋፍ ላይ፣ ባዶው ጥግ ላይ፣ ትንሽ እብጠት ብቅ አለ። አየር። ጋዝ። ዚንኩ ከውሃው ጋር ሲታገል የሚያወጣው የሃይድሮጂን አረፋ፣ እንዳለ ሁላችንም የምናውቀው፣ ትንሽ ነው ብለን የናቅነው፤ ለካ በውስጧ ባሉት ሁለት ስስ ገጾች መሃል ተለጥፎ፣ ፊቷን ሸፍኖ፣ እንዳትሠራ አድርጓት ኖሯል። የእኔዋን አውቶቡሱና ጣቶቼ አራግፈውላታል። ሰካናት። ጠበቅን። ሻይ እናምጣ አልኩ፣ ማናችንም አልሄድንም። መስመሩ ወጣ።

ተማሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጮህ ሰማኋት። ከጎረቤት ክፍል ሰው መጥቶ ምን ተቃጠለ ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ ተረጋጋችና የማልወደውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ልትጠይቀኝ እንደሚገባ ግን አውቃለሁ። «ፕሮፌሰር፣ ዛፉስ?» ዛፉ አለ አልኳት፣ ዛፍማ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ሞታለች ብዬ ስከፍታት ጋዙ ይወጣል፣ የማገኘው ዛፉን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስንቷን ዛፍ ገደላት እንዳልኩ፣ ከነዚያ ውስጥ ስንቷ ታፍና ብቻ እንደነበር አላውቅም። አላውቅም ስል ጠረጴዛውን ተደገፍኩ፤ ሐዘን መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ። ሐዘን አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሐዘን ነበረበት። ግን አብዛኛው ያ የድሮው ነገር ነው፣ ጥላሸት መሃል የተቀመጠው ልጅ የተሰማው። ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር መጨረሻ የለውም አሁን። ክፍል ኃላፊው አይወደውም፤ መሰናበቻ ላይ ሰው ጥያቄ ይዞ አይሰናበትም። እኔ ግን እንዲያ ነው የማደርገው፤ ሁለቱን ከረጢቶች ይዤ ወጥቼ ይኸው ይህን አገኘን እላለሁ፣ ቀሪውን ይህቺ ልጅ ትጨርሰዋለች እላለሁ፣ ከዚያ አውሮፕላን ላይ እወጣለሁ። ይህን ለማንም ገና አልነገርኩም።

ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። አነሳሁት፤ የሆስፒታል ግድግዳ፣ የእህቴ አውራ ጣት፣ ጣሪያ፣ ከዚያ ስልኩ ተስተካከለና አንድ ፊት ስክሪኑን ሞላው። ቀኝ ዓይኗ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ያነባል፤ ግን ተከፍቷል፣ እና ይንቀሳቀሳል፣ ከግንባሬ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ ጆሮዬ፣ እያነበበኝ ነው።

«ይሄ ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ድምፁ የልጄ ነው። ሰውዬው ግን ማን ነው?» እህቴ ከጎን ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም፤ ቀረብ አለች። «ፀጉርህስ?»

«ሄደ።»

«ሳይነግረኝ!» አለች። «እኔ እኮ እዚህ ሳወራ የኖርኩት ከዚያ ከሸኘሁት ጋር ነው። እንዲህ ሆነሃል?»

«እንዲህ ሆኛለሁ። ንግግሬን ልስጥና እመጣለሁ፣ በወሩ መጨረሻ። በዓይንሽ ታዪኛለሽ።»

«ሰምተናል» አለች እህቴ።

«ትኬት እስክትልክላት ድረስ አታምንህም፣ እውነቷን ነው» አለች እናቴ፣ ግን ዓይኗ ከእኔ አልፎ ሄዷል፤ ከኋላዬ ያለውን ሁሉ እየለቀመ ነው፤ ቱቦውን፣ መደርደሪያውን፣ ነጭ ካፖርት የለበሰችውን። «ያቺ ልጅ ማን ናት? ለምን ነው የምታለቅሰው?» ዞር ስል ተማሪዬ ቋንቋችንን አንዲት ቃል ሳታውቅ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። ተማሪዬ ናት አልኳት፣ ደስ ብሏት ነው። «በምን?» አለች። በድንጋዩ። «የታለ? አሳየኛ!»

ከረጢቷን ከነሽቦዋ አነሳኋትና ካሜራው ፊት ያዝኳት። መዳፌ ላይ ምንም አታህልም። እናቴ አየቻት። ፖስታ ቤት የማታውቀው ፊደል የደረሳት ይመስል ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ፣ ዓይኗን እያጠበበች፣ ዓይኗን እያሰፋች።

«ይህችው ናት?»

«ይህችው ናት።»

«ያን ሁሉ ዘመን፣ ለዚህች ነው?»

እህቴ መሳቋን አቆመች። ሳጥኑ ይንሾካሾካል። ስንት ነገር ልላት እችል ነበር፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ መብራት፣ ለሰው ስለሚሆነው ጥቅም፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ለመሰናበቻ ንግግር ይሆናል። እሷ ግን እያየችኝ ነው፣ አሁን ታያለች።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ለዚህች ነው።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ፣ አንዴ። እንባ ከዓይኗ ወረደ፣ ከቀዶ ጥገናው ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ እህቴ በፋሻ ልትጠርግላት እጇን ስትዘረጋ እናቴ ገፋ አደረገቻት፣ እይታዋን ስለከለለችባት።

«ገልብጣት እስኪ» አለችኝ። «ጀርባዋን ልየው።»